ደርሶ መልስ ጦርነት

ቅዳሜ ማታ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ኳስ ለማየት የተሰበሰብንበት ቤት። ጨዋታው አልቆ ሰው ሒሳብ ሲከፍል አስተናጋጁ ቻናል ይቀያይር ጀመርና አንድ የጦርነት ፊልም ላይ ተወው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ልጅ እግር አሜሪካውያን ጠዋት ጀርመን ላይ ቦምብ ይጥላሉ፤ ግማሾቹ ሰማይ ላይ ይቀራሉ፤ የተረፉት ማታ እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ይዘው ይጨፍራሉ። አጠገቤ የተቀመጠ የባጃጅ ሹፌር ስክሪኑን አየት አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጦርነት ነው? ደርሶ መልስ!» አለ።

ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። እግረኛ ወታደር አንዴ ግንባር ከሄደ እዚያው ነው፤ ምሽጉ ቤቱ ነው። በራሪው ግን ጦር ሜዳውን እንደ መሥሪያ ቤት ይመላለስበታል፤ እኛ ሰፈር በየቀኑ ቢሾፍቱ በሚኒባስ እየሄደ ሠርቶ እንደሚመለሰው ሰው። ማታ አልጋው ላይ ይተኛል። ይህን የሚሰማ ሁሉ «ታድለው!» ይላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ሰዎቹን የጎዳቸው መሄዱ ብቻ ሳይሆን መመለሱም ነው። ለምን እንደሆነ በተቻለኝ መጠን ላብራራ።

ብቻዬን አይደለሁም። ጎረቤቴ የአየር ኃይል ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እንደማንኛውም የሰፈሩ ልጅ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድሬዳዋ ተመድበው አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ሲጭኑ የከረሙ ሰው ናቸው። የእንግሊዙን ታሪክ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «እንዲህ ነው፣ እንዲህ አይደለም» እያሉ ያርሙኛል።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። የአሜሪካ 8ኛው አየር ኃይል ከእ.ኤ.አ. 1942 ጀምሮ የሰፈረው በምሥራቅ እንግሊዝ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፣ ለጀርመንም ቅርብ ነው። የእርሻ መሬት እየተጠረገ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ማኮብኮቢያ ተሠራበት። አንድ ጣቢያ ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ ከእነዚህ ውስጥ የሚበሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እንግሊዞቹ ሌሊት ይደበድባሉ፣ አሜሪካኖቹ ቀን። ቤታቸው ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ መሬት ላይ የተደፋ የሚመስል። መሐሉ ላይ አንዲት የከሰል ምድጃ አለች፤ ከሰሉ በራሽን ስለሆነ ሌሊት ሄደው የሚሰርቁ ነበሩ። ውጪው ጭቃ ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት እስከ አውሮፕላን ርቀት ስላለው ሰው ሁሉ ብስክሌት ገዝቷል። የአዳማ ሰው በቆርቆሮ ቤት የሚያማርረው ቀን በሙቀቱ ነው፤ እነሱ ጋ ያው ቆርቆሮ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ። በራሪው የሚያገለግለው በወር ወይም በዓመት ተቆጥሮ አልነበረም፤ በግዳጅ ብዛት ነው። 25 ጊዜ ሄዶ ከተመለሰ አበቃ፣ አገሩ ይገባል። ቀላል ይመስላል። ግን በእ.ኤ.አ. 1943፣ መጥፎ በሆኑት ወራት፣ ከሚሄዱት 100 ቦምብ ጣዮች አራት አምስቱ አይመለሱም ነበር። አራት ከመቶ ሲባል ትንሽ ነው። እንደ ዕጣ አድርገን እንየው። ሳጥን ውስጥ 100 ዕጣ አለ፤ 96ቱ «ትመለሳለህ» ይላሉ፣ 4ቱ «አትመለስም»። አንድ ታወጣለህ። ከተመለስክ ዕጣዋን መልሰህ ትከታለህ፣ ሳጥኑ ይናወጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ታወጣለህ። ይህን 25 ጊዜ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «4 ሲባዛ በ25 መቶ ነው፣ ማንም አይተርፍም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ትክክለኛው ስሌት 0.96ን በራሱ 25 ጊዜ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 0.36 ገደማ ይሆናል። ከ100 ሰው 36ቱ ይጨርሳሉ ማለት ነው። ኪሳራው አምስት ከመቶ ከሆነ የሚጨርሱት ወደ 28 ይወርዳሉ፤ ሁለት ከመቶ ከሆነ ወደ 60 ይወጣሉ። አንድ ቁጥር ወዲህ ወዲያ ስትል የስንት ሰው ዕድል እንደምትገለብጥ እዩ። «አትመለስም» ማለት ሁልጊዜ ሞት አይደለም። በፓራሹት ወርደው የተማረኩ ከ20,000 በላይ ናቸው። ግን የዚያ አየር ኃይል ሙታን ብቻቸውን ከ26,000 ይበልጣሉ። የእንግሊዞቹ ደግሞ ይብሳል፤ በቦምብ ጣይ ክፍላቸው ካገለገሉት 125,000 ገደማ በራሪዎች 55,573 ሞተዋል።

በዚህ ላይ ኪሳራው በየቀኑ እኩል አይደለም። ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይሆኑ ይቆዩና አንድ ቀን ሁሉም ነገር ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1943 ሬገንስቡርግና ሽቫይንፉርት ወደሚባሉ የጀርመን ከተሞች 376 ቦምብ ጣዮች ተላኩ፤ 60 አልተመለሱም። በጥቅምት ወደዚያው ሽቫይንፉርት 291 ሄደው አሁንም 60 ቀሩ። አንዱ አውሮፕላን አሥር ሰው ይጭናል፦ ሁለት አብራሪ፣ ናቪጌተር (አቅጣጫ መሪ)፣ ቦምቡን የሚለቅ ሰው፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ የበረራ መሐንዲስ፣ የቀሩት መትረየስ ተኳሾች። በአንድ ከሰዓት 600 አልጋ ባዶ ሆነ።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ቁጥሩን መንገርህ ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን ማንም ቁጥር አያስብም፣ ልጄ። የሚታሰበው የነገዋ አንዷ ናት።»

የነገዋን አንዷን እንይ። ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ይገባል። መብራት አያበራም። ስም እያነበበ ይቀሰቅሳል፤ ያልተጠራው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይገለበጣል። የተጠራው መጀመሪያ የሚያደርገው ጺሙን መላጨት ነው። ለመዘነጥ እንዳይመስላችሁ። የኦክስጅን ጭምብሉ ከፊት ጋር ገጥሞ ካልተጣበቀ አየር ያስገባል፤ ያደረ ጺም ደግሞ ክፍተት ይፈጥራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጭለማ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ መላጨት ሊገድልህ ወይም ሊያተርፍህ የሚችል ሥራ ነበር።

ቀጥሎ ቁርስ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ሲቪሉ ሕዝብ እንቁላል በራሽን ነው የሚያገኘው፤ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ፣ እሱም ከተገኘ። ወታደሩም በአዘቦት ቀን የሚበላው ዱቄት ሆኖ በቆርቆሮ የመጣ እንቁላል ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠበሳል፤ የበላው ሁሉ ረግሞታል። ወደ ግዳጅ የሚሄድ በራሪ ግን እውነተኛ እንቁላል ይጠበስለታል። ስለዚህ ሳህን ላይ ድፍን አስኳል ሲያዩ ሆዳቸው ይቆለፋል። ድግሱ ራሱ መርዶ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው።

ባቄላና ሆድ የሚነፋ ነገር ደግሞ አይሰጥም። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በ7,600 ሜትር ላይ መሬት ካለው ከግማሽ በታች ነው። ግፊቱ ሲቀንስ አንጀት ውስጥ ያለው ጋዝ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይለጠጣል። ሰውየው በሕመም ሊታጠፍ ይችላል። ጋሼ እዚህ ጋ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ «እኛ ጋ ጾም ሲገባ ሽሮ በልቶ የሚበር ጓደኛ ነበረኝ፤ ሲወርድ ከአውሮፕላኑ የሚርቅበት ፍጥነት!» አሉ። እውነት ይሁን ጨዋታ ለእሳቸው ትቼዋለሁ።

ከቁርስ በኋላ ገለጻ። ሁሉም በረድፍ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ በመጋረጃ ተሸፍኗል። ኃላፊው መጋረጃውን ይገልጠዋል። ከእንግሊዝ እስከ ዒላማው ቀይ ክር ተወጥሯል። ክሩ አጭር ከሆነና ፈረንሳይ ላይ ካበቃ ትንፋሽ ይለቀቃል፤ ጀርመን ውስጥ ጠልቆ ከገባ አዳራሹ ያቃስታል። ያ ክር ማንኛውም ንግግር የማይለውን ይናገራል። ከዚያ የአየር ጠባይ፣ ፀረ አውሮፕላን መድፎች የት የት እንዳሉ፣ ሰዓት ማስተካከል። ወጣ ሲሉ ቄሱ ይጠብቃቸዋል፤ የሚፈልግ ይንበረከካል። ኪስ ውስጥ የሚገባ እሽግም ይታደላል፤ አውሮፕላኑ ከተመታና ሰውየው ጠላት አገር ከወረደ መንገድ የሚያገኝበት በሐር ጨርቅ የታተመ ካርታ፣ ትንሽ ገንዘብ። ሐር የሆነው ሲታጠፍ ስለማይንኮሻኮሽ፣ ውሃ ቢነካውም ስለማይበጫጨቅ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አውሮፕላኑ ሥር ተቀምጦ ጭጋጉ እስኪገፈፍ መጠበቅ። አንዳንዴ ሞተር ተነስቶ፣ ተሰልፈው ሳለ፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው ምልክት ይተኮሳል፦ ግዳጁ ተሰርዟል። የተሰረዘ ግዳጅ ከ25ቱ አይቆጠርም። ሰውየው ሌሊት ተነስቶ፣ ፈርቶ፣ ጸልዮ፣ እንቁላሉን በልቶ፣ ሞቱን አስቦ ጨርሶ ነበር፤ አሁን ልብሱን አውልቆ ተመልሶ ይተኛል። ነገ ደግሞ ከዜሮ። መመለሱ ይጎዳል ያልኩት ይህን ይጨምራል። የሰው አካል ለሞት ሽረት የሚዘጋጀው እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ እየተጫኑት አይደለም። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ማጥፋቱ ከማብራቱ ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል።

ከተነሱ ደግሞ ሰማይ ላይ መሰብሰብ አለ። በየሰላሳ ሴኮንዱ ወይም በየደቂቃው አንድ አንድ እየተነሱ፣ በደመና ውስጥ እየወጡ፣ ቅርጻቸውን እስኪይዙ አንድ ሰዓትም ከዚያም በላይ ይዞራሉ። ጠላት ሳያያቸው እርስ በርስ ተጋጭተው የወደቁ ጥቂት አይደሉም። 3,000 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ጭምብል አድርጉ ይባላል። ይህን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ፤ 3,000 ሜትር እኮ ከእንጦጦ ጫፍ በታች ነው፣ እናቶቻችን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱበት። ደጋ ያደገና በአውሮፕላን ድንገት የወጣ ሰው አንድ አይደሉም መቼስ።

የሚዋጉበት ከፍታ ግን ቀልድ የለውም። 7,600 ሜትር፤ ራስ ዳሽን ላይ ሌላ 3,000 ሜትር ቢደረብበት ማለት ነው። የዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን በዚያ ከፍታ የሚያሞቀንና የሚያስተነፍሰን የውስጡ አየር ተጨቁኖ ስለሚሞላ ነው። የእነሱ ቢ-17 የሚባለው ቦምብ ጣይ ይህ የለውም፤ እንዲያውም መትረየስ የሚወጣባቸው የጎን መስኮቶች ክፍት ነበሩ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 እና ከዚያ በላይ ዲግሪ። ጓንቱን አውልቆ ብረት የነካ ተኳሽ ቆዳው ብረቱ ላይ ይቀራል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበራቸው፣ ሽቦው ግን እየተቋረጠ አንዱን እግር ያቃጥላል፣ ሌላውን ያደርቃል። መሽኛ ቱቦው በረዶ ይሆናል። በመጀመሪያው የጦርነት ዓመት በብርድ ተጎድቶ ከበረራ የተገለለው በጥይትና በመድፍ ከቆሰለው ይበልጥ ነበር ቢባል ስንቱ ያምናል?

ኦክስጅኑ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ትንፋሽ ውስጥ ያለው እርጥበት ቱቦው ውስጥ በረዶ ሠርቶ ይዘጋዋል። አየር ያጠረው ሰው እንደታነቀ አይሰማውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ጠጅ እንደጠጣ ይሆናል፤ ከዚያ በሦስት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ስለዚህ በየአሥር በየአሥራ አምስት ደቂቃው በመነጋገሪያው አንድ በአንድ ይጠራሉ። «ጭራ ተኳሽ?» «አለሁ።» «ቀኝ ጎን?» «አለሁ።» ዝም ካለ አንዱ ተንቀሳቃሽ ጠርሙስ ይዞ እየተሳበ ይሄዳል።

ዒላማው ላይ ሲደርሱ ቦምቡ እንዲያርፍ ለደቂቃዎች ቀጥ ብለው መብረር አለባቸው። ጀርመኖቹ 88 ሚሊ ሜትር መድፋቸውን ወደዚያች ቀጥታ መስመር አስተካክለው ይጠብቃሉ። መሸሽ የለም፣ መጠምዘዝ የለም። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ረጅሙ ሰዓት ይህ እንደነበር ተናግረዋል። ስለ ውጊያው ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ፊልሙ የሚያሳየው እሱን ብቻ ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ተመልሰው ያርፋሉ። የቀይ መስቀል ሴቶች ቡናና ዶናት ይዘው ይቆያሉ። ሪፖርት የሚቀበለው መኮንን ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ አንድ መለኪያ ዊስኪ ይሰጣል፤ ምላስ እንዲፈታ ነው። ስንት አውሮፕላን ወደቀ? ስንት ፓራሹት ተከፈተ? ቆጥራችኋል? ከዚያ ማንም የሚጠይቃቸው የለም። ጊዜው ገና አመሻሽ ነው። ብስክሌት አለ፣ መንደሩ ውስጥ መጠጥ ቤት አለ፣ ፒያኖ የሚመታ ሽማግሌ አለ፣ መንገድ ላይ ማስቲካ የሚለምኑ ሕጻናት አሉ። የባጃጁ ሹፌር ያየው ጭፈራ ይህ ነው። ልበ ደንዳና ስለሆኑ አይደለም የሚጨፍሩት።

ሲመለሱ ደግሞ ቆርቆሮ ቤቱ አለ። አንድ ቤት ውስጥ የሁለት አውሮፕላን ሰዎች ያድራሉ እንበል። አንደኛው አውሮፕላን ካልተመለሰ የቤቱ ግማሽ ባዶ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ይመጣሉ፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ልብስ ወደ ቤተሰብ የሚላክ ይታሸጋል። ከመታሸጉ በፊት ይፈተሻል፤ እናት ወይም ሚስት ብታየው የምታዝንበት ነገር ካለ፣ የሌላ ሴት ደብዳቤም ቢሆን፣ ይወጣል። አንሶላው ይቀየራል። በማግስቱ ከአሜሪካ የመጡ አዲስ ልጆች ሻንጣቸውን ያስቀምጣሉ። ነባሮቹ ስማቸውን ለመያዝ የማይፈልጉበት ጊዜ ነበር፤ ክፋት አልነበረም፣ መሸከም የሚቻለው ስላለቀ ነው።

ለቤተሰብ የሚደርሰው ቴሌግራም ደግሞ «ሞቷል» አይልም፤ «የደረሰበት አልታወቀም» ነው የሚለው። ተማርኮ ይሆናል፣ ተደብቆ ይሆናል፣ ባሕር ውስጥ ይሆናል። ለወራት እንዲህ የሚቆይ አለ። ለቅሶ መቀመጥ አይቻል፣ ተስፋ መቁረጥ አይቻል። ይህችን ለአዳማ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ደጃፉን ሳይዘጋ የሚጠብቅ ቤት የሌለበት ሰፈር የለንም።

ስለ ደብዳቤ ትንሽ ልበል። ደብዳቤ ሁሉ በመኮንን እየተነበበ ነው የሚወጣው። የት እንዳለህ፣ የት እንደሄድክ፣ ስንት እንደጠፋ መጻፍ ክልክል ነው። መርከብ ላይ ቦታ እንዳይዝ ደግሞ ብልሃት ተፈጠረ፦ ደብዳቤው ፎቶ ይነሳና በትንሽ ፊልም ይላካል፣ አሜሪካ ሲደርስ ታትሞ ለቤተሰቡ ይሰጣል። 37 ጆንያ የሚሞላ ደብዳቤ በዚህ መንገድ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል ይባል ነበር። ታዲያ ምን ይጻፋል? ስለ ዝናቡ። ስለ ምግቡ። ውሻው እንዴት ነው። እህቴ ትምህርት ጨረሰች ወይ። ዛሬ እነዚህን ደብዳቤዎች የሚያነብ የልጅ ልጅ «አያቴ ጦርነት ላይ ምንም አላየም እንዴ?» ብሎ ግራ ይጋባል።

እኛ ግን ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። «ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ጋሼ ከድሬዳዋ ለእናታቸው የጻፉት ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምረው፤ በዚሁም ያልቃል ማለት ይቻላል። «ሳንሱር አልነበረብዎትም?» አልኳቸው። «ነበረ። ባይኖርስ ምን ልጽፍላት ኖሯል?» አሉኝ። ለእናት የሚጻፍ ደብዳቤ ላይ የመጀመሪያው ሳንሱር ጸሐፊው ራሱ ነው። እኔ እንደውም ከሚጻፈው ይልቅ የጽሑፉ ቀን ይበልጥ ይናገራል ብዬ አምናለሁ፤ በሳምንት ሦስቴ ይጽፍ የነበረ ልጅ ለሦስት ሳምንት ዝም ሲል።

ፍርሃትስ? ሁሉም ይፈራል፣ ማንም አያወራውም። እንግሊዞቹ መብረር ያቃተውን ሰው «የወኔ ጉድለት» የሚል ማኅተም እየመቱ ከክብሩ ያወርዱት ነበር። በእኔ ግምት ከጨካኝ አሠራራቸው አንዱ ይህ ነው፤ 20 ጊዜ ሄዶ በ21ኛው እግሩ የከዳውን ሰው ፈሪ ማለት። አሜሪካኖቹ ቢያንስ ድካም የታየበትን ለአንድ ሳምንት ገጠር ወዳለ ትልቅ ቤት ይልኩት ነበር፤ ዩኒፎርም አውልቆ ዓሣ ያጠምዳል፣ እስኪበቃው ይተኛል። ከዚያ ተመልሶ ይበራል። የቀረውን ሁሉም በየራሱ ክታብ ይወጣዋል። የሚስት ሻርፕ፣ የልጅ ጫማ፣ ሳይታጠብ የሚለበስ ካልሲ፤ ረስቶት ከሄደ ሮጦ የሚመለስ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1944 ረጅም የሚበሩ አጃቢ ተዋጊዎች መጥተው ኪሳራው ሲቀንስ የግዳጁ ቁጥር መጀመሪያ 30፣ ቀጥሎ 35 ሆነ። በሒሳብ ካየነው ዕድሉ አልከፋም። 22 ጨርሶ ጣቱን ሲቆጥር ለነበረ ልጅ ግን ዕቁቡ ሊደርሰው ሲል ዙሩ እንደተራዘመበት ሰው ነው።

ከአገሩ ርቆ የተመደበ በራሪ ስንል አንድ ወደ እኛ የመጣም አለ፤ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ጆን ሮቢንሰን የቺካጎ ጥቁር አብራሪ ነበር። ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች ይመራ ጀመር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር መልእክት ያመላልስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋን በቦምብ ስትደበድብ እዚያው ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶቻችንን አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. አውሮፕላን ተከስክሶበት አዲስ አበባ አረፈ። በአሜሪካ ቱስኪጊ በሚባለው ትምህርት ቤት ጥቁሮች አብራሪነት እንዲማሩ ሐሳቡን ቀድመው ካነሱት አንዱ እሱ ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በጦርነቱ ተለይተው፣ ከነጮቹ ሳይቀላቀሉ፣ ራሚቴሊ የተባለ ጣቢያ ሰፍረው ቦምብ ጣዮችን አጅበዋል። ራሚቴሊ የት ነው ብትሉ ጣሊያን! የኛዎቹም ቢሆኑ በ1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ አራት ኤፍ-86 ተዋጊ ጄቶች ይዘው ኮንጎ ወርደዋል።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ እሳቸው ስለ አብራሪ ብዙ ሳወራ ይሰለቻሉ። እሳቸው የምድር ሰው ናቸው። አንድ አውሮፕላን ሲበር ከኋላው መካኒክ፣ መሣሪያ ጫኝ፣ ነዳጅ ቀጂ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ወጥ ሠሪ፣ ሾፌር አለ። እንግሊዝ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ በዝናብ ሜዳ ላይ ሲጠግኑ አድረው፣ አውሮፕላኗን ለአብራሪው አስረክበው፣ ከሰዓት በኋላ ሰማይ ሰማይ እያዩ ይቆማሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ይቆጥራሉ። ቀይ ርችት ከተተኮሰ ውስጡ ቁስለኛ አለ፣ አምቡላንስ ይሮጣል። የተቀረው ሁሉ አርፎ የእርሱ ቦታ ባዶ ከሆነበት መካኒክ ጋር ማንም አያወራም። መፍቻውን ይሰበስብና ይሄዳል። ሌሊቱን የሚያሳድረው ሐሳብ አንድ ነው፦ ያጠበቅኩት ብሎን ይሆን?

«ድሬዳዋ ብረቱ እንደ ምጣድ ነበር» አሉ ጋሼ፤ መዳፋቸውን ገለበጡ፣ የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ። «ስጭን እጄን አልሰማም። ሄደው እስኪመለሱ ነው የሚያቃጥለኝ።» ከዚያ የሞላውን ሁለተኛ ሲኒ ሳይነኩት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

አብራሪው 25 ሲሞላ ይሄዳል። ለምድሩ ሰው ግን ቁጥር የለም፤ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ነው። አንዱ ቡድን ጨርሶ ይስማቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ በሳምንቱ ሌሎች ልጆች መጥተው ያችኑ አውሮፕላን ይረከባሉ። ናይን-ኦ-ናይን የተባለች አንዲት ቢ-17 በዚህ ዓይነት 140 ግዳጅ ሄዳ ተመልሳለች። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«ሞተር ስንቴ ቀየሩላት?»

«21 ጊዜ።»

«ሃንጋር ውስጥ?»

«አብዛኛውን ውጪ ነው የሚሠሩት፣ ጋሼ። ዝናብ ላይ።»

በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር አሰሉ። አራት ሞተር፣ 21 ቅያሬ፣ 140 ደርሶ መልስ። «ጎበዝ መካኒክ ነበራት» አሉና የቀዘቀዘውን ቡና ጠጡ።